«ይሄ ሁሉ ውሃ ከየት ነው የሚመጣው?» ላስ ቬጋስን ለአያቶቻችን እናስጎብኝ

 

ባለፈው ጊዜ አንዲት ተማሪ ክፍል ውስጥ ያጫወተችንን ልንገራችሁ። አያቷ ሊጠይቋቸው ከባሕር ዳር መጥተው ነበር። አንድ ምሽት አባቷ ከሥራ ሲመለስ ሁሉንም መኪና ውስጥ አሳፍሮ ቤላጂዮ ሆቴል ፊት ለፊት በሙዚቃ የሚጨፍረውን ፋውንቴን ሊያሳያቸው ወሰዳቸው። አያቷ ውሃው ወደ ሰማይ ሲተኮስ አይተው «ኧረ በስመ አብ!» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ልጄ፣ ይሄ አገር በረሃ ነው አላላችሁኝም? ታዲያ ይሄ ሁሉ ውሃ ከየት ነው የሚመጣው?» ብለው ጠየቋት። እሷም «እማማ፣ ከቧንቧ ነው» አለቻቸው።

ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔም «እሺ፣ ትክክለኛውን መልስ የምታውቁ እጃችሁን አውጡ» አልኩ። አንድም እጅ አልወጣም። እውነቱን ለመናገር እኔም መምህራችሁ አጣርቼ አላውቀውም ነበር።

ልጅቷ አንድ ሌላ ነገርም ነገረችን። አያቷ ሦስት ወር ሲቀመጡ ከቤት የወጡት ቤተ ክርስቲያን ለመሳም፣ የሐበሻ ሱቅ ለመሄድና ያን ምሽት ብቻ ነው። እናትና አባት ሥራ ይውላሉ። ልጆች ቦታውን ቢያውቁትም በአማርኛ ማስረዳት ይከብዳቸዋል። አያቶች ደግሞ እንግሊዝኛውን አያነቡም። እንዲህ እየሆነ ስንት አያት ላስ ቬጋስን በመስኮት ብቻ አይቶ ተመለሰ!

ስለዚህ በዚህ እትም የከተማችንንና የአካባቢዋን ጥሩ ጥሩ ቦታዎች እየዞርን የአያትየውን ጥያቄ እንመልሳለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. ምንጩ፦ ስፕሪንግስ ፕሪዘርቭ

«ላስ ቬጋስ» የስፓኒሽ ቃል ነው። በአማርኛ «ጨፌዎቹ» ወይም «መስኮቹ» ማለት ነው። ጨፌ ምንድን ነው? ከሥሩ ውሃ ስላለው በበጋም ሳይደርቅ ለምለም ሆኖ የሚቆይ ሣራማ ቦታ ነው። በዓል ሲመጣ ቤት ውስጥ የሚጎዘጎዘው ቄጠማ ከየት እንደሚታጨድ አያቶቻችሁን ጠይቋቸው። ጨፌን ከእኔ በተሻለ ያስረዷችኋል።

በረሃ መሃል ጨፌ ከየት መጣ? ከከተማው በስተምዕራብ ባሉት ተራሮች ላይ የሚወርደው በረዶና ዝናብ ወደ መሬት ውስጥ ይሰርጋል። ከመሬት በታች ረጅም ዘመን ተጉዞ ሸለቆው ጋ ሲደርስ ግፊት ወደ ላይ ይገፋውና ምንጭ ሆኖ ይፈልቃል። በዚህ ምንጭ ዳር የአገሩ ነባር ሕዝቦች የሆኑት ደቡባዊ ፓይዩቶች ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረዋል። በኋላ ስፓኒሽ ተናጋሪ ነጋዴዎች በዚህ ሲያልፉ ለምለሙን መስክ አይተው ስሙን አወጡለት።

በ1905 የባቡር ድርጅት እዚህ መሬት በጨረታ ሸጠና ከተማው ተቆረቆረ። ባቡሩ ለምን እዚህ ቆመ? የድሮ ባቡር በእንፋሎት ስለሚሄድ ያለ ውሃ አይንቀሳቀስም። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በፍል ውሃ አጠገብ ነው፤ ድሬዳዋን ደግሞ ባቡር ነው የወለዳት። ላስ ቬጋስ የሁለቱ ድብልቅ ናት ማለት ይቻላል፤ ምንጭም ባቡርም አላት።

ነገር ግን ሰው በዛ፤ ጉድጓድም በዛ። ውሃው ከሚተካው በላይ ተቀዳ። በ1962 ምንጮቹ መፍሰሳቸውን አቆሙ። ጨፌዋ ስሟ ብቻ ቀረ።

ቦታው በ2007 ስፕሪንግስ ፕሪዘርቭ ተብሎ ለጎብኚዎች ተከፈተ። ከመሃል ከተማው ብዙም አይርቅም። የእግር መንገዶች፣ የበረሃ ተክሎችና የልጆች መጫወቻ አለው። የኔቫዳ ስቴት ሙዚየምም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ሙዚየሙ ውስጥ ኢክቲዮሰር የሚባል የጥንት የባሕር እንስሳ ታያላችሁ። የባሕር እንስሳ በረሃ ውስጥ ምን ይሠራል? መልሱ ወደ ኋላ ይመጣል።

2. ደጋው፦ ማውንት ቻርልስተን

አሁን ምንጩን ይመግብ ወደነበረው ተራራ እንውጣ። ከከተማው በስተሰሜን ምዕራብ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ አገሩን በከፍታው በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ እያልን እንከፍለዋለን። ላስ ቬጋስ ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር ያህል ላይ ናት። የቻርልስተን መንደር ግን ወደ 2,300 ሜትር ነው። ይሄ እኮ የአዲስ አበባ ከፍታ ማለት ነው! ከተማው ውስጥ 105 ፋራናይት ሲሆን እዚያ 20 ዲግሪ ያህል ቀዝቅዞ ይጠብቃችኋል። በክረምት ደግሞ በረዶ አለ። የተራራው ጫፍ 3,632 ሜትር ይደርሳል። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ስለሆነ አሁንም የእኛው ይበልጣል።

እዚህ ብሪስልኮን የሚባል የጥድ ዓይነት ይበቅላል። አንዳንዱ ዛፍ ከሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ግንዱ ተጠማዞ፣ ግማሹ የደረቀ ይመስላል፤ ግን ሕያው ነው። አያታችሁን ወደዚህ ብትወስዷቸው ነፋሱ ፊታቸውን ሲነካው «ይሄማ አገሬ ነው!» እንደሚሉ አልጠራጠርም። ነጠላ ወይም ጋቢ መያዝ አትርሱ። በነሐሴ 2023 ከባድ ዝናብ ጎርፍ አምጥቶ መንገዶችን ስለጎዳ፣ ከመሄዳችሁ በፊት የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነ ጠይቁ።

3. ቀዩ ድንጋይ፦ ሬድ ሮክ ካንየን

ሬድ ሮክ ከስትሪፕ በስተምዕራብ 17 ማይል ያህል ብቻ ነው። 13 ማይል የሚሆን መንገድ በመኪና እየዞራችሁ፣ ባማራችሁ ቦታ እየቆማችሁ ታያላችሁ። መራመድ ለሚያስቸግራቸው አያቶች በጣም ምቹ ነው።

ድንጋዩ ለምን ቀላ? ከ180 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ይህ ቦታ ትልቅ የአሸዋ በረሃ ነበር። የአሸዋው ክምር እየተጫነ፣ እየጠጠረ ድንጋይ ሆነ። አሸዋው ውስጥ የነበረው ብረት ደግሞ ዛገ። ቅላቱ ዝገት ነው። ቀይ ስለሆነ ብቻ የላሊበላን ድንጋይ እንዳይመስላችሁ። የላሊበላው ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው፤ ይሄኛው አሸዋ ነው።

ከቀዩ ድንጋይ በላይ ግራጫ ድንጋይ ታያላችሁ። እሱ ከቀዩ በጣም ይበልጥ ያረጀ ነው። የተሠራውም በባሕር ወለል ላይ ነው። አዎ፣ ዛሬ እኛ የምንኖርበት አገር በጥንት ዘመን በባሕር ተሸፍኖ ነበር! የሙዚየሙ የባሕር እንስሳም ኔቫዳ ባሕር ከነበረችበት ዘመን የቀረ ነው። ታዲያ አሮጌው ድንጋይ እንዴት ከአዲሱ በላይ ወጣ? ከ65 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ መሬት ተገፋፍታ አሮጌውን በአዲሱ ላይ ጫነችው። ሁለት ምንጣፍ ከሁለት በኩል ስትገፉ አንዱ ሌላው ላይ እንደሚወጣ ማለት ነው።

4. ሁቨር ግድብ

ምንጩ ለትንሽ ከተማ ይበቃል፤ ለትልቅ ከተማ ግን አይበቃም። የላስ ቬጋስን ዕድል የቀየረው ከከተማው በስተደቡብ ምሥራቅ በመኪና 45 ደቂቃ ያህል ርቆ የሚገኘው ሁቨር ግድብ ነው።

የኮሎራዶ ወንዝ የሚነሣው ከሮኪ ተራሮች ነው። ድሮ በረዶው ሲቀልጥ ወንዙ ሞልቶ እርሻ ያጥለቀልቃል፤ በኋላ ደግሞ ይሳሳል። ይህን ለመግራት ግንባታው በ1931 ተጀመረ። ጊዜው በመላው አሜሪካ ሥራ የጠፋበት የችግር ዘመን ነበር። ሺዎች ልጆቻቸውን ይዘው ሥራ ፍለጋ ወደዚህ በረሃ መጡ። ልጆች፣ ብዙዎቹ ወላጆቻችሁም ወደዚህ ከተማ የመጡት ሥራ ፍለጋ አይደል? ያኔ ጥቁር ሠራተኞች መጀመሪያ ላይ ጭራሽ አይቀጠሩም ነበር። በኋላ የተቀጠሩትም እጅግ ጥቂት ነበሩ፤ ለሠራተኞች በተሠራችው በቦልደር ሲቲ እንዲኖሩም አልተፈቀደላቸውም።

ሠራተኞቹ መጀመሪያ በገደሉ ውስጥ አራት ትላልቅ ዋሻዎች ቆፍረው ወንዙን በዚያ አሳለፉት። ከዚያ በደረቀው ቦታ ላይ ኮንክሪት ማፍሰስ ጀመሩ። ኮንክሪት ሲጠነክር ይሞቃል። ገንፎ ላዩ የቀዘቀዘ መስሎ ውስጡ እንደሚያቃጥል ታውቁ የለ? ይህን የሚያህል ኮንክሪት በራሱ እስኪቀዘቅዝ ከመቶ ዓመት በላይ ይፈጅ ነበር። ስለዚህ በቁራጭ በቁራጭ እያፈሰሱ፣ በውስጡ 582 ማይል ያህል ቀጭን ቧንቧ ዘርግተው ቀዝቃዛ ውሃ አሳለፉበት። በዚህ ብልሃት ግድቡ በፍጥነት አልቆ በመስከረም 1935 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መርቀው ከፈቱት። በግንባታው 96 ሰዎች እንደሞቱ ተመዝግቧል። «ኮንክሪቱ ውስጥ ሰው ተቀብሯል» የሚባለው ግን ተረት ነው።

አያቶቻችሁ ይህን ሲያዩ የሕዳሴ ግድባችንን ማንሣታቸው አይቀርም። ተዘጋጁ! ሕዳሴ የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ሚያዝያ 2011 ሲሆን የተመረቀው መስከረም 9 ቀን 2025፣ በእኛ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። በቁመት ሁቨር ይበልጣል፤ 221 ሜትር ነው፣ ሕዳሴ 145 ሜትር ነው። በርዝመት ግን ሁቨር 379 ሜትር ብቻ ሲሆን ሕዳሴ 1.8 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በኤሌክትሪክ ኃይልም ሁቨር 2,080 ሜጋ ዋት ገደማ፣ ሕዳሴ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ሕዳሴ ሲሠራ ቦንድ የገዙ ሰዎች በየቤታችሁ ይኖሩ ይሆናል። እስቲ ጠይቁ።

ግድቡ ላይ ስትቆሙ በሁለቱ ማማዎች ላይ ያሉትን ሁለት ሰዓቶች ፈልጉ። አንዱ የኔቫዳ፣ ሌላው የአሪዞና ሰዓት ነው። በክረምት አንድ ሰዓት ይለያያሉ፤ በበጋ ግን እኩል ናቸው። ለምን? አሪዞና በበጋ ሰዓት ወደፊት ስለማታዞር ነው።

5. ሐይቁና ነጩ መስመር፦ ሌክ ሜድ

ግድቡ ያቆመው ውሃ ሌክ ሜድ ይባላል። ሲሞላ በአሜሪካ ካሉት ሰው ሠራሽ ሐይቆች ሁሉ ብዙ ውሃ የሚይዝ ነው። ቤታችን ከሚመጣው ውሃ ከአሥር እጅ ዘጠኙ የኮሎራዶ ወንዝ ነው፤ የሚቀዳውም ከዚህ ሐይቅ ነው።

ሐይቁ ዳር ቆማችሁ ገደሉን ተመልከቱ። ረጅም ነጭ መስመር አለ። ማንቆርቆሪያ ውስጡ ላይ ነጭ ነገር እንደሚይዘው፣ ውሃው ሲጎድል ማዕድኑ ድንጋዩ ላይ ቀርቶ ነው። ነጩ የሚጀምርበት ቦታ ድሮ ውሃው የነበረበት ልክ ነው። በ2022 ሐይቁ ከሙሉ ልኩ ከ50 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ነበር። በ1930ዎቹ መሞላት ከጀመረበት ጊዜ ወዲህ እንዲህ ጎድሎ አያውቅም። በ1938 በውሃ ተውጣ የነበረችው ሴንት ቶማስ የምትባል ከተማም ፍርስራሿ ተመልሶ ወጥቷል። ዛሬ በእግር እየዞራችሁ የቤቶቹን መሠረት ማየት ትችላላችሁ።

ለምን ጎደለ? አንደኛ፣ ድርቁና ሙቀቱ ለረጅም ዓመታት ስለቀጠለ። ሁለተኛ፣ ወንዙን ሰባት የአሜሪካ ግዛቶችና ሜክሲኮ ስለሚካፈሉት። ብዙ ጊዜ ወንዙ ባሕር ሳይደርስ ያልቃል። በአማርኛ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚባል አባባል አለ። ወንዝ አጠገብ እየኖሩ መጠማት ማለት ነው። የኮሎራዶ ልጆችም እንዳይጠማቸው ነው የሚፈራው።

ከተማችን ግን ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ጁስ ሲጎድል ስትሮውን ወደ ታች እንደምትገፉት፣ ከሐይቁ ሥር ውሃ የሚስብ ሦስተኛ መስመር ተቆፍሮ በ2015 ሥራ ጀመረ። ሌላም የሚገርም ነገር አለ። እቤት ውስጥ የምንጠቀምበት ውሃ፣ ገላ የታጠብንበትም ሆነ ሽንት ቤት የለቀቅነው፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ተጣርቶ ተመልሶ ወደ ሌክ ሜድ ይገባል። ሳይመለስ የሚቀረው ከቤት ውጪ የምናፈሰው ነው፤ ፀሐይ ትጠጣዋለች። በ2021 የወጣው የኔቫዳ ሕግም ለዚህ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ከ2027 መጀመሪያ ጀምሮ በመንገድ ዳርና በድርጅቶች ግቢ ለጌጥ ብቻ የተተከለ ሣር በኮሎራዶ ውሃ አይጠጣም።

6. ተመልሰን ቤላጂዮ

አሁን ወደ አያትየው ጥያቄ እንመለስ። የቤላጂዮ ፋውንቴን በ1998 ነው የተከፈተው። ከአንድ ሺህ በላይ የውሃ አፈሙዝ አለው። ከፍተኛው 140 ሜትር ያህል ሽቅብ ይተኩሳል። ማየቱ ነፃ ነው፤ ከእግረኛ መንገዱ ላይ ቆሞ ይታያል።

ውሃውስ? ከቧንቧ አይደለም! ሆቴሉ ከመሠራቱ በፊት በቦታው የጎልፍ ሜዳ ነበር። ለሜዳው ሣር ተብሎ የተቆፈረ የጉድጓድ ውሃ ነው ዛሬ የሚጨፍረው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አያታችሁ ሲጠይቋችሁ እንዲህ በሏቸው፦

«እማማ፣ ይሄኛው ውሃ ከመሬት ሥር በጉድጓድ የወጣ ነው። እቤታችን በቧንቧ የሚመጣው ደግሞ ከኮሎራዶ ወንዝ ነው። ወንዙን በትልቅ ግድብ አቁመውት ሐይቅ ሆኗል። ሐይቁ ግን እየጎደለ ስለሆነ እንቆጥባለን። ድሮ እዚህ ምንጭና ጨፌ ነበረ፤ አሁን ደርቋል። ቅዳሜ ወስጄ ላሳይዎት?»

ይህን በአማርኛ ሳታቋርጡ መናገር ከቻላችሁ፣ አያታችሁ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ በተራቸው ያጫውቷችኋል። ጣናን አይቶ ያደገ ሰው ስለ ውሃ ብዙ ያውቃል።

አዲስ ቃላት

ጨፌ፦ ከሥሩ ውሃ ያለው ለምለም መስክ።
መስረግ፦ ውሃ ወደ መሬት ውስጥ መግባት።
መፍለቅ፦ ውሃ ከመሬት መውጣት።
መቆርቆር፦ ከተማ መመሥረት።
መግራት፦ አስቸጋሪን ነገር ማለማመድ፣ ልክ ማስያዝ።

ጥያቄዎች

1. የላስ ቬጋስ ምንጮች መፍሰስ ያቆሙት መቼ ነው? ለምን?
2. ሁቨር ግድብ ሲሠራ ኮንክሪቱ ውስጥ ቧንቧ የተዘረጋው ለምንድን ነው?
3. ውሃ ለመቆጠብ ሻወር ከማሳጠርና የግቢ ሣር ከመቀነስ የትኛው ይበልጥ ይጠቅማል? ምክንያቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ።
4. አያታችሁን ወይም ወላጆቻችሁን «ልጅ ሆናችሁ ውሃ ከየት ነበር የምትቀዱት?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ጽፋችሁ ለሚቀጥለው ሳምንት አምጡ።

እንቆቅልሽ

እንቆቅልህ? ምን አውቅልህ? «ስሟ ለምለም፣ መሬቷ ደረቅ።» (መልስ፦ ላስ ቬጋስ)

ለወላጆች

ሥራ እንደሚበዛባችሁ እናውቃለን። ቢሆንም በወር አንድ ግማሽ ቀን ይበቃል። የበጋውን ሙቀት አትናቁት፤ በሐምሌ 2024 ከተማችን 120 ፋራናይት ደርሳለች። ሬድ ሮክንና ሌክ ሜድን ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ብትሄዱ ይሻላል። ውሃ በብዛት ያዙ። ሬድ ሮክ ከኦክቶበር እስከ ሜይ አስቀድሞ ሰዓት ማስያዝ ይጠይቃል። አራተኛ ክፍል የሚማር ልጅ ካላችሁ፣ ቤተሰቡን በነፃ የሚያስገባ የፌዴራል ፓርኮች ማለፊያ ስላለ መምህሩን ጠይቁ። ስትሪፕ ላይ ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በካዚኖው ውስጥ ማለፍ እንጂ መቆም አይፈቀድላቸውም።

መኪና ውስጥ ልጆቹ ራሳቸው እንዲያስረዱ ዕድል ስጧቸው። ቃል ቢጠፋቸው ቶሎ ወደ እንግሊዝኛ አትዙሩባቸው፤ አያቶች ይጨምሩላቸው።

መልካም ጉብኝት! ቅዳሜ በሰላም ያገናኘን።